«ፎንቱ ጠፋ» ስለሚባለው አነጋገር
በፊደል መልክና በፊደል ቁጥር ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሰምተን አድገናል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ጽሑፍ በብራና ወይም በወረቀት ላይ ይኖር በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፋችን በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር ተመዝግቦ የሚኖር ስለ ሆነ፣ መጻፍ ብቻውን ለመውረስ አይበቃም። የተጻፈው ነገር በምን ዓይነት የቁጥር መዝገብ እንደ ተቀመጠ ማወቅም ያስፈልጋል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጽሕፈት ቤቶችና በእኛም በተማሪዎች ዘንድ የተለመደውን «ፎንቱ ጠፋ» የሚለውን አነጋገር መመርመር ነው። አነጋገሩ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራ፣ ሊድን የሚችለውን ጽሑፍ እንድንጥል፣ ሊጠፋ የተቃረበውንም ቸል እንድንል እንዳደረገን ለማሳየት እሞክራለሁ። ጸሐፊው የታሪክ ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለም፤ ወደዚህ ጉዳይ ያስገባውም የደረሰበት ጉዳት ነው።

1ኛ. የነገሩ መነሻ

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምቱ ዕረፍት ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አምስት ቀን እየተመላለስሁ ታሪካቸውን ጠየቅሁ። እርሳቸው በተለምዶ ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሲቋቋም ጎልማሳ ጭሰኛ ነበሩ። የተሻለው ዘርና ማዳበሪያው ወደ ገበሬው እንዴት እንደ ደረሰ፣ ባለ መሬቶቹም ትራክተር ሲያገኙ ጭሰኛው ለምን ከርስቱ እንደ ተነቀለ፣ በዓይናቸው ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ድምፃቸው እንዲቀዳ አልፈቀዱም። «ጻፈው እንጂ ልጄ፣ የተጻፈ አይጠፋም» አሉኝ።

ቀን በደብተሬ ላይ አርእስቱን ብቻ እይዝና ማታ በተዋስሁት ኮምፒውተር ሙሉውን ቃል እጽፍ ነበር። ሽማግሌው በሁለቱም ቋንቋ ይናገሩ ስለ ነበር፣ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል፣ የአፋን ኦሮሞውን ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ በቁቤ ጻፍሁት። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ለማሳተም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። እዚያም ጽሑፉ ቅርጹ እንዲስተካከል ተብሎ ተራ ጽሑፍ በሚቀበል አነስተኛ ፕሮግራም ተከፍቶ፣ በዚያው ስም እንደገና ተቀመጠ። ሲቀመጥ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ወጣ። የጽሕፈት ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን ልበለው?» ስትለኝ፣ ሳላነበው «እሺ በይው» አልኋት።

ፋይሉ በማግሥቱ ሲከፈት ገጾቹ እንዲህ ያለ ነገር ሆነው ተገኙ፦

«??? ????? 1963 ?? ???? ????»

«ወንድሜ፣ ፎንቱ ጠፍቶብህ ነው፤ ፎንት ይጫንበት» አለችኝ። እኔም አመንሁ። ለስድስት ወር ያህል ፎንት ስፈልግ ከረምሁ። የተዋስሁት ኮምፒውተር ፋይሎቹ ተደምስሰው ለባለቤቱ ተመልሶ ነበር። ነገሩ ከፎንት ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ባወቅሁ ጊዜ ወደ ሽማግሌው ለመመለስ ተነሣሁ፤ ዳሩ ግን እርሳቸው በጥር ወር ዐርፈው ነበር። ከቃላቸው የተረፈው በቁቤ የጻፍሁት ምሳሌያዊ አነጋገርና ዓመተ ምሕረቶቹ ብቻ ናቸው።

ፕሮግራሙ የቱ እንደ ነበረ፣ ጽሕፈት ቤቱም የት እንደ ሆነ መጥራት አያስፈልግም። «እሺ በይው» ያልሁት እኔ ነኝ። ሊመረመር የሚገባው ሁላችንንም ያሳሳተው አነጋገር ነው።

2ኛ. መልክና ቁጥር

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህም የፊደሉ ኮድ ይባላል። ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ በባይት የሚጻፍበት ሥርዓት ኢንኮዲንግ ነው። ፎንት ግን ቁጥሩ በመስኮቱ ወይም በወረቀቱ ላይ ምን መልክ ይዞ እንዲታይ የሚወስን የሥዕል ስብስብ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ኮዱ የሰውየው ስም ሲሆን ፎንቱ ልብሱ ነው። ልብስ የጠፋበትን ሰው ማልበስ ይቻላል፤ ስሙ የጠፋበትን ግን ማን ብሎ መጥራት ይቻላል?

ነገሩን በከተማችን ስም እንመልከት። ዛሬ የዓለም መስፈርት በሆነው በዩኒኮድ መዝገብ አ 4768፣ ሰ 4656፣ ላ ደግሞ 4619 ቁጥር አላቸው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት ፋይል ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዳቸው በሦስት ባይት ይጻፋሉ። ስለዚህ «አሰላ» በፋይሉ ውስጥ 225፣ 138፣ 160፤ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139 ሆና ትቀመጣለች።

ይህንኑ ስም «አንሲ» በሚባለው አቀማመጥ ብናስቀምጠው፣ በተለምዶ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ባለ 256 ቦታ ሰንጠረዥ ለግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ የጥያቄ ምልክት ያኖራል። የጥያቄ ምልክት ቁጥሩ 63 ነው። «አሰላ» 63፣ 63፣ 63 ትሆናለች። በቆጂም 63፣ 63፣ 63 ነው። ኢተያም፣ ሁሩታም፣ ሳጉሬም፣ ጭላሎም እንዲሁ። የአርሲ ባለ ሦስት ፊደል ስሞች ሁሉ አንድ ይሆናሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የዓለም ፎንት ሁሉ ቢሰበሰብ 63ን እንደ ጥያቄ ምልክት ከማሳየት በቀር ሌላ ሊያደርግ አይችልም። በእኔ ፋይል ቁቤውና የአረብ አኀዞቹ የተረፉት ብልጫ ኖሯቸው አይደለም፤ ሰንጠረዡ መጀመሪያውኑ ለእነርሱ የተሠራ ስለ ሆነ ነው።

3ኛ. አነጋገሩ ከየት መጣ?

«ፎንቱ ጠፋ» የሚለው አባባል መነሻ የሌለው አይደለም። በአንድ ዘመን ትክክለኛ ነበር፤ ስሕተቱ ዘመኑ ካለፈ በኋላ መቅረቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የሚባለው የአሜሪካ መስፈርት 128 ቦታ ብቻ ነበረው። በኋላ ሰንጠረዡ ወደ 256 ሲሰፋም ለእኛ አልበቃም። ማስረጃው ቀላል ሒሳብ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቢባዙ 231 ይሆናሉ፤ 20ዎቹን የግዕዝ አኀዞች ስንጨምር 251፤ የቀ፣ የኀ፣ የከና የገ ዲቃሎች 20 ሲታከሉ 271 ደረሰ። ገና ነጥቦቹና ሌሎቹ ዲቃሎች አልተቈጠሩም፤ ከ256ቱም ብዙዎቹ ቦታዎች ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዙ ናቸው።

የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ከኮምፒውተር ብዙ ዓመታት በፊት የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። መፍትሔው ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ በወረቀት ላይ መገጣጠም ሆነ። የኮምፒውተሩ ትውልድም በዚያው መንገድ ሄደ። ፓወር ግዕዝንና ቪዡዋል ግዕዝን የመሰሉ ፕሮግራሞች በቀድሞ ዕትሞቻቸው የላቲን ፊደላትን ቁጥሮች ወስደው የግዕዝ ፊደል ሥዕል አለበሷቸው። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የያዘ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ግዕዝ ያያል። እነዚህ ፕሮግራሞች ለመሥሪያ ቤቶቻችንና ለጋዜጦቻችን ያደረጉት አገልግሎት ታላቅ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን አንዱ ለሀ የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ያው ፎንት ከሌለ ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ኮተት ይሆናል። በዚያ ዘመን «ፎንቱ ጠፋ» ማለት እውነት ነበር።

በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በኢሜይል የሚያልፈው የላቲን ፊደል ብቻ ስለ ነበረ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት እየተካ የሚጽፍ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ሰጠ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በተጨመሩት ዛሬ 523 ደርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ አፋን ኦሮሞ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የምታገለግለው ዸ ከነዘሮቿ ትገኛለች። ይህ ለአርሲ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት ቢሆንም፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበትና እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። ስለዚህ ያን የመሰለውን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚፈልግ ተማሪ ፊደሉን ከየትም መዋስ አያስፈልገውም።

4ኛ. አራቱ ሕመሞች

ዛሬ አንድ የአማርኛ ፋይል ተከፍቶ ሳይነበብ ሲቀር ነገሩ ከአራቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ሲታይ ነው። ይህ በእውነት የፎንት ጉድለት ነው፤ ቁጥሮቹ ደኅና ናቸው። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። ኒያላ የሚባለው ፎንት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሕመም እየቀነሰ ሄዷል።

ሁለተኛው በቀድሞው ዘመን ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሲሆን የላቲን ፊደላት ያለ ትርጉም ተደባልቀው ይታያሉ። ይህም ይድናል፤ ግን ፎንቱን መጫን መልኩን ብቻ እንጂ ጽሑፉን አያድንም። ቁጥሮቹን በየፎንቱ ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ፋይል በሌላ ሰንጠረዥ ሲነበብ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለ ሆነ፣ በአናቷ ጭረት ያለባት አንዲት የላቲን ፊደል ገጹን ሞልታ ትታያለች። ይህ ሕመም የሚያስፈራ ቢመስልም ከሁሉ የቀለለ ነው። ፋይሉን ሳያስቀምጡ ዘግቶ፣ ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8ን መምረጥ ብቻ ይበቃል። የተማሪዎች ስም ዝርዝር በሠንጠረዥ ፕሮግራም ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ይኸው ነው። የተበላሸውን እንዳለ እንደገና ያስቀመጠ ግን ጉዳቱን በጉዳት ላይ ይደርባል።

አራተኛው የጥያቄ ምልክቱ ነው። ይህ ሞት ነው። ሌላ ቅጂ ከሌለ መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። መልክ ብቻ የጎደለውን፣ ትርጉም የሚያስፈልገውን፣ በስሕተት የተነበበውንና የሞተውን ሁሉ «ፎንቱ ጠፋ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት፣ ጉንፋንንና ወባን በአንድ ክኒን ማከም ነው። የከፋውም እንዲህ ነው፤ ሦስተኛው ሕመም የያዘው ፋይል አስፈሪ ስለሚመስል ይጣላል፤ አራተኛው የያዘው ግን ቃላቱ በየቦታቸው ተሰልፈው ስለሚታዩ ፎንት ይፈለግለታል።

5ኛ. በምርጫው ዝርዝር ላይ

ተጠቃሚው ብቻ አይወቀስም። ፕሮግራሞቹም ምርጫውን ያቀረቡበት ቃል ለሒስ የተጋለጠ ነው። ለምሳሌ ያህል በሰፊው የሚታወቀውን ኖትፓድን እንውሰድ። ለብዙ ዓመታት ሲያስቀምጥ ያቀርብ የነበረው ዝርዝር አራት ነበር፤ አንሲ፣ ዩኒኮድ፣ ዩኒኮድ ቢግ ኤንዲያን እና ዩቲኤፍ-8።

«አንሲ» የአሜሪካ የመስፈርቶች ተቋም ስም ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ሰንጠረዥ ግን ያ ተቋም ያጸደቀው መስፈርት አይደለም። ከዚያም በላይ ኮምፒውተሩ ለየትኛው አገር እንደ ተዘጋጀ እየታየ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቃል በአንዱ ቤት አንድ፣ በሌላው ቤት ሌላ ነው። «ዩኒኮድ» የተባለውም ዩቲኤፍ-16 የሚባለውን አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚያመለክት ሆኖ ሳለ ብቻውን በዚህ ስም መጠራቱ፣ ዩቲኤፍ-8 ዩኒኮድ ያልሆነ ያስመስላል። እውነቱ ግን ሁለቱም የአንዱ መዝገብ ሁለት አጻጻፎች መሆናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 «ዩኒኮድ» የሚለው ስም ታርሞ፣ ዩቲኤፍ-8 ያለ ምርጫ የሚወሰድ አቀማመጥ ሆነ፤ ፋይሉ በምን እንደ ተቀመጠም በመስኮቱ ግርጌ መታየት ጀመረ። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም በየጽሕፈት ቤቱ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠሩ መሣሪያዎች ገና በሥራ ላይ ናቸው። ማስጠንቀቂያውም ሐቀኛ ቢሆንም፣ ለማያነበው ሰው በማያነበው ቋንቋ የቀረበ ማስጠንቀቂያ የፕሮግራሙን ሕሊና ያሳርፍ እንደ ሆነ እንጂ ጽሑፉን አያድንም።

6ኛ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ጽሑፉ በወረቀት ከታተመ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ወረቀት መልኩን ይጠብቃል፤ ቃሉን ግን ፈልጎ ማግኘት፣ ማረም፣ ከሌላው ጋር ማስተያየት የሚቻለው ቁጥሩ ሲጠበቅ ነው። ቀላል ምሳሌ እንስጥ። አራት ነጥብ በመዝገቡ የራሱ ቁጥር አለው፤ 4962። ብዙዎቻችን ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብን፣ ወይም የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደጋግመን እንጽፋለን። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ግን የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አያገኝም። ዓይን የፈቀደውን ቁጥሩ አልፈቀደም ማለት ነው።

«ዩቲኤፍ-8 ለአንድ ፊደል ሦስት ባይት መውሰዱ ለእኛ ኪሳራ ነው» የሚልም አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ የእንግሊዝኛው ፊደል በአንድ ባይት ይጻፋልና። ነገር ግን 10,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 30,000 ባይት ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ በስልክ ከሚነሣ ከአንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል። ኪሳራው በእርግጥ የሚታየው በአጭር የስልክ መልእክት ነው፤ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ይህ የዘመኑ አሠራር በእኛ ላይ የጣለው ግብር ነው፤ ለጥናት ጽሑፍ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል ከዩኒኮድ ብዙ መጠበቅም ስሕተት ነው። መዝገቡ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን ለየብቻ ስለሚቈጥር፣ «ዓመት» ብሎ የፈለገ «አመት» ተብሎ የተጻፈውን በቀጥታ አያገኝም። «አርሲ» ብሎ የፈለገም በድሮ መጻሕፍት «አሩሲ» የተባለውን ያልፈዋል። ይህ ግን የኮዱ ጉድለት ሳይሆን የአጻጻፋችን ጉዳይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ወደ አንድ ነገር ይጠቀለላል። መልኩ ያማረ ጽሑፍ የተጠበቀ ጽሑፍ ነው ብለን ስለምናምን፣ የሚጠበቀውን ነገር ሳንጠብቅ ቀርተናል። አቀማመጡን መምረጥ እንደ ማሳተም ለሌላ ሰው የሚተው ሥራ አይደለም። የሽማግሌን ቃል የተቀበለ ሰው ኀላፊነቱ ደብተሩን ሲዘጋ አያበቃም፤ ፋይሉ በምን ቁጥር እንደ ተቀመጠ ሲያውቅ ነው የሚያበቃው።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች፣ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለኮሌጃችን የሚቀርብ የጥናት ጽሑፍ ሁሉ ከወረቀቱ ጋር በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ቅጂ ይኑረው፤ አቀማመጡም በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው የሌላውን ፋይል በዚያው ስም ላይ አያስቀምጥ፤ አዲስ ስም ይስጠው። ሦስተኛ፣ አነጋገራችንን እናርም። አራት ማዕዘን ሲታይ «መልኩ ጎደለ»፣ የላቲን ፊደል ሲደባለቅ «ቁጥሩ በስሕተት ተነበበ»፣ የጥያቄ ምልክት ሲታይ «ቁጥሩ ጠፋ» እንበል። ሕመሙን በስሙ የጠራ ሐኪም ቢያንስ የተሳሳተ መድኃኒት አይሰጥም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቴክኒክ ስሕተት ቢገኝ ዐዋቂዎች እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። ሽማግሌው «የተጻፈ አይጠፋም» ብለው አምነውኝ ነበር። ቃላቸውን ልመልሰው አልችልም፤ ሌላው ተማሪ በዚህ ክረምት ከሌላ ሽማግሌ የሚሰማው ግን በየፋይሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ እንችላለን።